የጀልባ አናጢው ዳሊ ሜሰንጀር

በአውስትራሊያዋ ሲድኒ ከተማ የነበረው የእርሻ ትርዒት ሜዳ ለኳስ ተብሎ የተሠራ አልነበረም። ገበሬዎች ምርጥ ወይፈኖቻቸውን፣ የወተት ላሞቻቸውንና ፈረሶቻቸውን፣ የስንዴ ነዷቸውንና የአትክልት ፍሬያቸውን ይዘው የሚመጡበት፣ ዳኞችም በከብቶቹ መካከል እየተዘዋወሩ የተሻለውን የሚለዩበት፣ በንጉሣዊው የእርሻ ማኅበር የሚተዳደር ሜዳ ነበር። ኦገስት 17 ቀን 1907 ግን ወደዚህ ሜዳ የገቡት ከብቶች አልነበሩም። 20 ሺህ ያህል ሰው የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ በሜዳው ዙሪያ ቆሟል። ሕዝቡ በጉጉት የሚጠብቀው በሥራ ቀን በጀልባ መሥሪያ ውስጥ መጋዝና መላጊያ ይዞ የሚውለውን የ24 ዓመት ወጣት ነበር። መዝገብ ላይ ያለው ስሙ ኸርበርት ሄንሪ ሜሰንጀር ነው፤ አገሩ ግን ዳሊ ይለዋል።

ያን ዕለት ሜሰንጀር የተጫወተው ተከፍሎት ነው። ተጫዋች በሚሊዮኖች በሚገዛበትና በሚሸጥበት በዛሬው ዘመን ይህ ወሬ እንኳ አይሆንም። በ1907ቱ ሲድኒ ግን ራግቢን በገንዘብ የተጫወተ ሰው ከማኅበሩ ለዕድሜ ልክ ይባረራል፤ ከትናንት ጓደኞቹ ጋርም ዳግመኛ በአንድ ሜዳ አይሰለፍም። የከተማዪቱ ተወዳጅ ተጫዋች ይህን መስመር መሻገሩ የእርሱን ዕድል ብቻ ሳይሆን የአንድን አገር ስፖርት መንገድ ለውጧል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ራግቢን አብዛኞቻችን አዘውትረን የምናየው ጨዋታ ስላልሆነ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። ተጫዋቹ በእጁ አቅፎት ይሮጣል፤ ለጓደኛው በእጁ ሲያቀብል ግን ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን እንጂ ወደ ፊት መወርወር አይፈቀድለትም። ተጋጣሚው ኳስ የያዘውን ሰው ወገቡን ወይም እግሩን ይዞ መሬት ላይ ይጥለዋል። ይህን ሁሉ አልፎ ኳሱን ከተጋጣሚው የመጨረሻ መስመር ማዶ መሬት ያስነካ ቡድን ነጥብ ያገኛል፤ ይህም ትራይ ይባላል። ኳሱን በእግር ለግቶ በሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች መካከል፣ ከአግዳሚው በላይ ማሳለፍም ሌላ ነጥብ ያስገኛል። ሰው ከሰው ጋር በሙሉ ጉልበቱ የሚላተምበት ጨዋታ በመሆኑ የትከሻ መውለቅ፣ የክንድና የጎድን አጥንት መሰበር የተለመደ ነው። የታሪካችን ጭብጥም ከዚሁ ስብራት ይጀምራል።

ሜሰንጀር የተወለደው ኤፕሪል 12 ቀን 1883 ባልሜይን በተባለው የሲድኒ የወደብ ሰፈር ነው። አባቱ ቻርልስ ሜሰንጀር ጀልባ ሠሪ ሲሆኑ በቀዘፋ ውድድርም ስመ ጥር ነበሩ። አያቱ ጄምስ ሜሰንጀር ደግሞ በእንግሊዝ አገር በቴምዝ ወንዝ ላይ የቀዘፋ ሻምፒዮን የነበሩ ጀልባ ሠሪ ናቸው። በዚያ ቤት እንጨት መጥረብና ውኃ መቅዘፍ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ርስት ነበር ማለት ይቻላል።

ዳሊ የተባለበት ምክንያት የሚያስቅ ነው። ሕፃን ሳለ ሆዱ ወጣ ያለ ነበር። በዚያ ዘመን በኒው ሳውዝ ዌልስ ዊልያም ቢድ ዳሊ የተባሉ ቦርጫም ፖለቲከኛ ነበሩና ቤተሰቡ ሕፃኑን በእርሳቸው ስም መጥራት ጀመረ። ሆዱ በዕድገቱ ጠፋ፤ ቅጽል ስሙ ግን እስከ መቃብር ተከተለው። እንዲያውም መቃብሩን ተሻግሮ ሄዷል።

ቤተሰቡ ኋላ ደብል ቤይ ወደተባለው የባሕር ዳርቻ ሰፈር ተዛወረ። ልጁም ያደገው በአባቱ የጀልባ መሥሪያ ዙሪያ ነው። ትምህርቱን በሰፈሩ የሕዝብ ትምህርት ቤት ተምሮ እንዳበቃ ወደ ሙያው ገባ። የጀልባ አናጢነት ከቤት አናጢነት የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የቤት ሳንቃ በትንሹ ቢዛነፍ ቤቱ አይፈርስም፤ የጀልባ ሳንቃ በፀጉር ስንጥቅ ያህል ከተዛነፈ ግን ውኃ ያስገባል። በኋለኛው ዘመን ተመልካቾች ኳስ ሲለጋ ያደንቁለት የነበረውን ልክ አዋቂነት ከዚህ ሙያ ጋር ባያይዘው የተሳሳትኩ አይመስለኝም፤ ይህ ግን የራሴ ግምት ነው።

ወጣቱ የሸራ ጀልባም ክሪኬትም ይወድ ነበር። በሰፈሩ ዋሪጋልስ በተባለ ትንሽ ቡድን ራግቢ ከመጫወት በቀር ወደ ትልቁ ውድድር ለመግባት አልቸኮለም። በ1905 ለኢስተርን ሰበርብስ ክለብ ሁለተኛ ቡድን ሲሰለፍ 22 ዓመቱ ነበር። በተከታዩ ዓመት ወደ ዋናው ቡድን አደገ፤ በዚያው ዓመት ክፍለ ግዛቱን ኒው ሳውዝ ዌልስን ወክሎ ተጫወተ፤ በ1907 ደግሞ የአውስትራሊያን ብሔራዊ ቡድን መለያ ለብሶ ኒው ዚላንድን ገጠመ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰፈር ሜዳ ወደ ብሔራዊ ቡድን መድረስ በዚያ ዘመንም ቢሆን ብርቅ ነበር።

አካሉ ግዙፍ አልነበረም። ከግዙፎቹ መካከል የሚለየው ብልሃቱ ነው። ከፊቱ የቆመውን ተጋጣሚ ኳሱን በእግሩ ቀስ አድርጎ በራሱ ላይ አሳልፎ፣ ዞሮ ሮጦ ራሱ ይቀበለዋል። ጎንበስ ብሎ ሊይዘው የመጣውን ሰው ዘሎት የሚያልፍበት ጊዜም ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ሰው የሚሰበሰበው አለጋጉን ለማየት ነው። በተረከዙ መሬቱን ቦጥቡጦ ኳሱን ያቆማል፣ ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከዚያም ሌሎች ለመሞከር ከማይደፍሩት ርቀት፣ ከሜዳው ወገብና ከዳር መስመር ሳይቀር፣ በምሰሶዎቹ መካከል ያሳልፈዋል። ጋዜጦች ሊቁ የሚል ማዕረግ ሰጡት። የእርሱ ስም ሲነሳ ሜዳው ይሞላ ነበር።

ሜዳው ሲሞላ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አልቀረም።

ጥያቄው የተነሣው መጀመሪያ በእንግሊዝ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ራግቢን የሚጫወቱት የማዕድን ቆፋሪዎችና የጥጥ ፋብሪካ ወዛደሮች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ቅዳሜ ለመጫወት ከሥራ ሲቀሩ የቀኑ ደመወዝ ይቆረጥባቸዋል። ክለቦቻቸው የቀረባቸውን ደመወዝ እንተካላቸው ብለው በ1893 ቢጠይቁ፣ በአብዛኛው በባለጸጋ ቤተሰብ ልጆች የሚመራው የራግቢ ማኅበር ውድቅ አደረገው። ጨዋታው ለፍቅር እንጂ ለገንዘብ አይደለም የሚል ነበር መከራከሪያው። ደመወዝ ሳይሆን ርስት ይዞ ለሚኖር ሰው ይህን ማለት ቀላል ነው። በ1895 በሃደርስፊልድ ከተማ በአንድ ሆቴል የተሰበሰቡ ከ20 በላይ ክለቦች ተገንጥለው የራሳቸውን ሰሜናዊ ኅብረት አቋቋሙ፤ ከሥራ ለቀረ ተጫዋችም በቀን 6 ሽልንግ መተካት ተፈቀደ። ይህ ኅብረት በ1906 የተጫዋቾቹን ቁጥር ከ15 ወደ 13 ዝቅ አድርጎ ጨዋታውን ፈጣን አደረገው። ዛሬ ራግቢ ሊግ የሚባለው ስፖርት ይኸው ነው።

የሲድኒም ሠራተኛ ተመሳሳይ ዕዳ ነበረበት። በጁላይ 1907 ኒው ሳውዝ ዌልስ ከኒው ዚላንድ ጋር ሲጫወት ለማየት ከ50 ሺህ በላይ ሕዝብ ገብቷል። የመግቢያው ገቢ የማኅበሩን ካዝና አጨናነቀ። በዚያው ዓመት አሌክስ በርደን የተባለ ተጫዋች በጨዋታ ላይ ተጎድቶ ከሥራው ሲስተጓጎል ግን ላጣው ደመወዝ የተከፈለው ካሣ አልነበረም። በሰኔ ክንዱ የተሰበረ አራሽ ምን እንደሚያጣ ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ተጫዋቾቹ ወደብ ላይ የሚሸከሙ፣ በፋብሪካ የሚውሉ፣ እንጨት የሚጠርቡ የቀን ደመወዝተኞች ነበሩ። ከሰውነታቸው በቀር ሌላ ማሳ አልነበራቸውም።

ቅሬታው መሰብሰቢያ ያገኘው በአንድ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው። ሱቁ በዓለም የታወቀው የክሪኬት ተጫዋች የቪክቶር ትራምፐር ነበር። ትራምፐር፣ ጄምስ ጊልቲናን የተባለ ደፋር ነጋዴና ከባቡር ሠራተኞች መካከል የወጣው ፖለቲከኛ ሄንሪ ሆይል ከተጫዋቾቹ ጋር በምስጢር እየተገናኙ ሲመክሩ ቆዩ። ኦገስት 8 ቀን 1907 በከተማው በአንድ ሆቴል ተሰብስበው የኒው ሳውዝ ዌልስን ራግቢ ሊግ መሠረቱ።

አጋጣሚውም ተመቻቸላቸው። አልበርት ባስከርቪል የተባለ የኒው ዚላንድ ወጣት የፖስታ ቤት ጸሐፊ ከሰሜናዊው ኅብረት ክለቦች ጋር የሚገጥም ቡድን አደራጅቶ ወደ እንግሊዝ ለመሄድ ተዘጋጅቶ ነበር። እያንዳንዱ ተጫዋች ለጉዞው ከኪሱ 50 ፓውንድ አዋጥቷል። የኒው ዚላንድ ብሔራዊ ቡድን በጥቁር ልብሱ ኦል ብላክስ፣ ማለትም ጥቁሮቹ ይባል ስለነበር፣ የሲድኒ ጋዜጦች እነዚህን ኦል ጎልድስ፣ ወርቆቹ ብለው ተሳለቁባቸው፤ ገንዘብ ወዳዶች ለማለት ነው። ጊልቲናን ቡድኑ በሲድኒ ሲያልፍ ሦስት ግጥሚያ እንዲያደርግ ተስማማ። ታላቁ የክሪኬት ሜዳ ለአመፀኞች አይከፈትምና የእርሻ ማኅበሩ ሜዳ ተገኘ።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዳሊ ሜሰንጀር። ያለ እርሱ ግጥሚያው ተራ ግርግር ነው፤ እርሱ ካለበት ግን ሲድኒ ትመጣለች። መሪዎቹ ወደ ደብል ቤይ ሄዱ። ውሳኔው የተቋጨው በእናቱ ፊት እንደሆነ በሰፊው ይነገራል፤ ልጅ የእናቱን ይሁንታ ጠየቀ፣ እናትም ፈቀዱ። ሜሰንጀር በንግግሩ የታወቀ አመፀኛ አልነበረም። የሚያውቀው ሙያ ሁለት ነው፤ አንደኛው ይከፈልበታል፣ ሌላኛው ሺዎችን ሰብስቦ ለእርሱ ግን አይከፍልም።

ግጥሚያው የተካሄደው በነባሩ ሕግ ነበር፤ የሰሜናዊው ኅብረት የሕግ መጽሐፍ ገና ሲድኒ አልደረሰም። ኒው ዚላንዶች 12 ለ 8 አሸነፉ። ውጤቱን ያን ያህል የተጨነቀበት ሰው አልነበረም፤ የመግቢያው ገቢ አዲሱ ሊግ መቆም እንደሚችል አሳየ። ነባሩ ማኅበርም ቅጣቱን አላዘገየም። በግጥሚያዎቹ የተሳተፉት ለዕድሜ ልክ ታገዱ። የሜሰንጀር ስምና ያስቆጠራቸው ነጥቦች ከማኅበሩ መዝገብ ተፋቁ። 50 ሺህ ሰው የሚያውቀው ሰው በወረቀት ላይ ፈጽሞ እንዳልነበረ ተደረገ።

ባስከርቪል የሜሰንጀርን አጨዋወት ካየ በኋላ አብሮት እንዲሄድ ጋበዘው። በዚህም ሜሰንጀር በኒው ዚላንዶች ቡድን ውስጥ ብቸኛው አውስትራሊያዊ ሆኖ ባሕር ተሻገረ። እንግሊዝ ሲደርሱ የሚጫወቱትን ጨዋታ ሕግ ገና መማር ነበረባቸው። የ13 ሰው ሜዳ ሰፊ ነው፤ ለሮጠና ለአሰበ ሰው ክፍት ቦታ አለው። አናጢው በዚህ ስፋት ውስጥ ተፈታ። በጉዞው 146 ነጥብ በማስቆጠር ከቡድኑ ሁሉ ቀዳሚ ሆነ። ከታላቋ ብሪታንያ ጋር በ1908 መጀመሪያ በተደረጉት ሦስት ዓለም አቀፍ ግጥሚያዎች ቡድኑ በሊድስ 14 ለ 6 ተሸነፈ፤ በለንደን ቼልሲ 18 ለ 6፣ በቼልተንሃም ደግሞ 8 ለ 5 አሸንፎ ተከታታዩን ውድድር ወሰደ። አለጋጉን ያዩ የእንግሊዝ የእግር ኳስ ክለቦች ሳይቀሩ ሊያስፈርሙት እንደፈለጉ ይነገራል። እርሱ ግን ወደ ሲድኒ ተመለሰ።

የመልሱ ጉዞ ሐዘን ነበረበት። ቡድኑ በአውስትራሊያ በኩል ሲመለስ ባስከርቪል በመርከብ ላይ ታመመ፤ ሜይ 20 ቀን 1908 በብሪዝቤን ከተማ በሳንባ ምች ሞተ። ገና 25 ዓመቱ ነበር። ሁለት አገሮችን ከአዲስ ስፖርት ጋር ያስተዋወቀው ወጣት የተከለውን ዛፍ ጥላ አላየም።

በሲድኒ ግን ዘሩ በቅሎ ቆይቷል። በኤፕሪል 1908 ሊጉ በዘጠኝ ክለቦች የመጀመሪያውን ውድድር ጀምሯል። ሜሰንጀርም አዲስ ለተመሠረተው የኢስተርን ሰበርብስ የሊግ ክለብ ተሰለፈ። በዚያው ዓመት ጊልቲናን በራሱ ኃላፊነት የመጀመሪያውን የአውስትራሊያ ቡድን፣ ካንጋሮዎቹን፣ ወደ እንግሊዝ ይዞ ሄደ። ለምልክትነት አንድ ሕያው ካንጋሮ አብሯቸው መርከብ ተሳፍሮ ነበር፤ እንስሳው በባዕድ ምድር ሞተ። እንስሳት ርባታ ለተማረ ሰው ይህ የማይገርም ፍጻሜ ነው።

ቡድኑ 45 ግጥሚያ አድርጓል። ነገር ግን ዘመኑ አልቀናውም። በላንክሻየር የጥጥ ፋብሪካዎች በአሠሪና በሠራተኛ ጠብ ለሳምንታት ተዘግተው ነበር፤ ተመልካች የሚሆነው ሕዝብ እንጀራ እንጂ የመግቢያ ዋጋ አልነበረውም። ክረምቱም ከባድ ነበር። ለንደን ውስጥ ፓርክ ሮያል በተባለው ሜዳ የተደረገውና 22 ለ 22 በሆነ አቻ ውጤት የተጠናቀቀው ድንቅ ግጥሚያ 2 ሺህ ያህል ሰው ብቻ አየው። ሜሰንጀር በዚህም ጉዞ በ155 ነጥብ ቀዳሚ ነበር። የነጥብ ብዛት ግን ዕዳ አይከፍልም። ገንዘቡ አለቀ፤ ተጫዋቾቹ ወደ አገራቸው የተመለሱት ሰሜናዊው ኅብረት የመርከብ ዋጋቸውን ከፍሎላቸው ነው። ጊልቲናን በ1909 ከሰረ። በዚያው ዓመት እርሱ፣ ትራምፐርና ሆይል ራሳቸው ከመሠረቱት ሊግ ኃላፊነት ተነሱ።

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆም እወዳለሁ። ሊጉ የተመሠረተው ከሥራ ለሚስተጓጎለው ሰው ለመቆም ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ መሥራቾቹ ተገፍተው ወጡ። በዚያው በ1909 ጄምስ ጆይንተን ስሚዝ የተባለ ባለጸጋ ገንዘቡን አፍስሶ 14 የነባሩ ማኅበር ብሔራዊ ተጫዋቾችን ወደ ሊጉ አሻገረ። ከዚያ በኋላ የሊጉ የበላይነት በሲድኒ ጸና። ስለዚህ ሊጉን ያዳነው የሠራተኛው ቁጣ ነው ወይስ የባለጸጋው ኪስ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ሁለቱም ነው ብዬ ከመመለስ ሌላ ምርጫ የለኝም። ጊልቲናን ያጣውን ገንዘብ አላገኘውም፤ ስሙ ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1951 ለሊጉ ዋንጫ ተሰጠ።

ሜሰንጀር ወደ ሜዳው ተመለሰ። በ1910 የብሪታንያ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ አውስትራሊያን ሲጎበኝ ብሔራዊ ቡድኑን በአምበልነት መራ። በዚያው የእርሻ ትርዒት ሜዳ፣ ከ40 ሺህ በላይ ሕዝብ በተገኘበት ግጥሚያ፣ አውስትራሊያ 27 ለ 20 ተሸነፈች። ከሦስት ዓመት በፊት የአመፀኞች ስብስብ ተብሎ የተናቀው ጨዋታ አሁን የከተማዪቱ ትልቁ ትርዒት ሆኗል።

ከፍታው 1911 ነበር። በዚያ ዓመት ለክለቡም፣ ለክፍለ ግዛቱም ተሰልፎ 270 ነጥብ አስቆጠረ። ኢስተርን ሰበርብስም በእርሱ አምበልነት ግሊብን 11 ለ 8 ረትቶ የመጀመሪያ ሻምፒዮናውን አገኘ። ብሔራዊው ቡድን በዚያው ዓመት መጨረሻ ዳግመኛ ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ ሜሰንጀር አልሄድም አለ። ሁለት ክረምት ያሳለፈባትን እንግሊዝ ሦስተኛ ጊዜ ሳያይ በአገሩ ቀረ። ታናሽ ወንድሙ ዋሊም ኋላ ለአውስትራሊያ ተጫውቷል።

ኢስተርን ሰበርብስ በ1912 እና በ1913 ሻምፒዮንነቱን ደገመው፣ ሠለሰው። የሊጉ ሽልማት ዋንጫ ሳይሆን ጋሻ ነበር። የሰጠው ደግሞ የሜዳው ባለቤት፣ ከብትና እህል የሚያወዳድረው ንጉሣዊ የእርሻ ማኅበር ነው። ደንቡ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ያሸነፈ ክለብ ጋሻውን ለዘለቄታው እንዲወስድ ይፈቅዳል። ክለቡ ወሰደው፤ ነገር ግን በግድግዳው ላይ አልሰቀለውም። በ1913 ጫማውን ለሰቀለው አምበሉ አበረከተለት። የአናጢው ልጅ ከሜዳ ሲወጣ ጋሻ ታጥቆ ወጣ።

ጋሻ ግን አይበላም። ሜሰንጀር ከጨዋታ ሲያርፍ 30 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዘመን ተጫዋች ይከፈለው እንጂ የሚያጠራቅመው ሀብት የሚሆን አልነበረም። ዝናውን ወደ ንግድ ለመለወጥ ሞከረ፤ የመጠጥና የማደሪያ ቤት ይዞ ነገደ፤ አልቀናውም። ከዚያ ወደ እርሻ ዞረ። በሰሜን ባለችው ሞቃታማ ክፍለ ግዛት በክዊንስላንድ ሙዝ ተከለ።

ይህን የሕይወቱን ምዕራፍ ሌሎች በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ ግን በሙያዬ የተነሣ ማለፍ አልቻልኩም። ሙዝ ከሩቅ ለሚያየው ሰነፍ የሚያለማው ተክል ይመስላል፤ ከእናት ተክሉ ጎን የበቀለውን ተነቅሎ መትከል ነው፣ ያድጋል፣ ያፈራል። እውነቱ ሌላ ነው። ከተተከለ አንስቶ የመጀመሪያው ዘለላ እስኪደርስ ዓመት ገደማ፣ ከዚያም በላይ ያስጠብቃል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ገበሬው ያወጣል እንጂ አያስገባም። ግንዱ እንጨት ሳይሆን የቅጠል ጥቅል ስለሆነ ብርቱ ነፋስ በአንድ ሌሊት ያጋድመዋል። ከበዛው ቡቃያ የትኛውን ማስቀረት፣ የትኛውን ማስወገድ እንዳለበት ካልለየ ተክሉ ጉልበቱን በትኖ ዘለላው ያንሳል። ፍሬው ደርሶ ከተቆረጠ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ገበያና መጓጓዣ ቅርብ ካልሆኑ የዓመት ድካም በሳምንት ይበሰብሳል። በዚያ ላይ በዚያው ዘመን ቅጠሉን አጨማዶ ተክሉን የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ ወደ ምሥራቃዊ አውስትራሊያ ገብቶ ብዙ የሙዝ እርሻ አጥፍቷል። የሜሰንጀርን እርሻ የጣለው ይህ ነው ማለቴ አይደለም። ሙዝ የሚያለማ ሰው የሚጋፈጠው ምን እንደሆነ ለማሳየት ነው። ዝናው በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሊሰበስብ ይችላል፤ ለአንድ የሙዝ ተክል ግን ምንም አይነግረውም።

እርሻውም አልተሳካም። ሜሰንጀር ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ ተመልሶ ገና በልጅነቱ ያነሣውን መጋዝ ዳግመኛ አነሣ። በመንግሥት የሕዝብ ሥራዎች መሥሪያ ቤት አናጢ ሆኖ ተቀጠረ። በዚያ የሥራ ልብስ ውስጥ ያለው ሰው አንድ ጊዜ ሲድኒን በአንድ ፊርማ ለሁለት የከፈለ መሆኑን ባልደረቦቹ ያውቁ ነበር፤ አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። እርሱ ግን ቋሚ ደመወዝ ይዞ፣ በሙያው አደረ። ደመወዙ ከመግቢያ ገቢ አይመጣም፤ ነፋስም አያጋድመውም።

ኖቬምበር 24 ቀን 1959 ጋነዳ በተባለች የገጠር ከተማ በ76 ዓመቱ አረፈ። ጋነዳ በኒው ሳውዝ ዌልስ ሰሜን ምዕራብ ያለች፣ በእህልና በከብቷ የምትታወቅ የገበሬ ከተማ ናት። አስከሬኑ ወደ ሲድኒ ተወስዶ ተቀበረ።

ከ1980 ጀምሮ በአውስትራሊያ ራግቢ ሊግ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመው ሜዳሊያ ዳሊ ኤም ይባላል፤ የቦርጫሙ ፖለቲከኛ ስም በአንድ ሕፃን ሆድ በኩል አልፎ እዚህ ደረሰ ማለት ነው። በ2018 ሜሰንጀር የስፖርቱ ታላላቆች ከሚመዘገቡበት የዘላለማውያን መዝገብ ገብቷል። በሲድኒ ስታዲየም ደጅ ሐውልቱ ቆሟል። ነባሩ የራግቢ ማኅበር ከመዝገቡ የፋቀውን ስሙንና ነጥቦቹን የመለሰው በ2007፣ ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፤ ይህን ለማየት ሜሰንጀር 124 ዓመት መኖር ነበረበት።

የእርሻ ማኅበሩ ጋሻም አልጠፋም። ከቤተሰቡ እጅ ወጥቶ ዛሬ በካንቤራ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል።